የሻምበል ጭራ

ኅዳር 3

ይድረስ ለልብስ ሰፊዋ፤

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤ ሲጀመር «ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ» ማለት ወግ ነው፤ ግን አይቼዎት ስለማላውቅ ናፍቀውኛል ብል ውሸት ይሆንብኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት የጋዜጣ አራሚ ሆኜ የሰው ስህተት ስለቅም ኖሬ፣ በጡረታዬ ውሸት መጻፍ አልጀምርም። ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ አይወድም።

ለመጀመሪያው ደብዳቤዬ በሰጡት መልስ እንዳዘዙኝ ፖስታው ላይ የማንም እህት ብዬ አልጻፍኩም፤ «ለልብስ ሰፊዋ» ብያለሁ። አድራሻዎን ከየት እንዳገኘሁት በቁጣ ጠይቀውኛል፤ ልክ ነዎት፣ አስቀድሜ ማስረዳት ነበረብኝ። ወንድምዎ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ካለ አንድ የአዲስ ዓመት ካርድ ላይ ነው የገለበጥኩት። መሳቢያውን የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው።

«የምን ዝርዝር ነው?» ላሉት፦ ወንድምዎ «ግራ እጅ» በሚል የብዕር ስም በጋዜጣችን ቅዳሜ ቅዳሜ ያወጡት የነበረውን «ዘበኛውና ሻምበል» የሚባል ካርቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በታተመበት ቀን ተራ እየመዘገብኩ ነው። ለእያንዳንዱ ቁጥር፣ ቀን፣ ገጽ፣ የሳጥኖቹ ብዛት፣ ከዚያ ታሪኩ በአንድ መስመር። ዘበኛው መጋዘን ይጠብቃል፣ ሻምበል ውሻው ነው፤ ሁለቱም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሌባ አልያዙም። በጠቅላላው 1154 ቅዳሜ ነው። ሰው ሁሉ «አስታውሰዋለሁ» ይላል፣ ሙሉውን ያስቀመጠ ግን አንድም የለም። ጋዜጣው ራሱ የለውም። ከምድር ቤታችን አይጥ የበላውን ከቤተ መጻሕፍት፣ ከቤተ መጻሕፍት የተቀደደውን ደግሞ ከፀጉር አስተካካዮች እየለቀምኩ ነው። ፀጉሬ አልቆ እንኳ በሳምንት ሁለቴ ፀጉር ቤት እገባለሁ።

ማተሚያ ቤቱ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ አስረክብ ብሎኛል። የቀረኝ ችግር አንድ ነው። ከቁጥር 213 እስከ 223 ያሉት አሥራ አንድ ሥዕሎች ከሌሎቹ አይገጥሙም። ወንድምዎ ግራኝ ስለሆኑ ጥላ የሚሠሩባቸው ጭረቶች ሁሉ ከላይ ከግራ ተነስተው ወደ ታች ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። በእነዚህ አሥራ አንዱ ላይ ግን በተቃራኒው ናቸው። እሳቸውን ብጠይቃቸው «እትዬን ጠይቃት» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ስለዚህ ጠየቅኩዎት።

አክባሪዎ፣ አራሚው

ኅዳር 24

ይድረስ ለአራሚው፤

ደህና ነኝ። ልጄም ደህና ናት፣ የስፌት መኪናዬም ደህና ናት፤ ከዚያ ወዲህ በላኩት ጥያቄ በሞላበት ደብዳቤዎ ስለ ሦስታችንም ስለጠየቁ አመሰግናለሁ። የዘገየሁት የአንድ ሆቴል ሠራተኞች አርባ ኮሌታ አሠርተውኝ ነው። ኮሌታ እንደ ሰው ነው፣ አንዱ ሲቃና ሌላው ይጣመማል።

ሻምበል የሚባል እውነተኛ ውሻ ነበረ ወይ ላሉኝ፣ አዎ ነበረ። ልጆች ሆነን ቤታችን ያደገ ነው። አባታችን ማዕረጉን የሰጠው ሲራመድ ደረቱን ስለሚነፋ ነው እንጂ ፈሪ ነበር፣ ድመት ሲያይ ከእናታችን ቀሚስ ኋላ ይገባል። ጭራው ትልቅ ነበር፤ ደስ ሲለው ጠረጴዛ ላይ ያለ ብርጭቆ ሁሉ ይጠርጋል። እኔና ወንድሜ በከሰል ግድግዳ ላይ እየሣልነው ነው ያደግነው። አንድ ወረቀት ስናገኝ ደግሞ ጎን ለጎን ተቀምጠን ክርን ለክርን እንጋጫለን፤ እሱ ግራኝ፣ እኔ ቀኝ። እናታችን መላ አገኘችለት፤ እሱን በግራ በኩል፣ እኔን በቀኝ በኩል ታስቀምጠናለች። ከዚያ በኋላ በክርን ተጣልተን አናውቅም።

ወንድሜ ግራ እጁ የተሰበረው መቼ ነው ላሉት፣ እርስዎ እንዳሰቡት እነዚያ አሥራ አንዱ በወጡበት ጊዜ ነው። ከብስክሌት ወድቆ አሥራ አንድ ሳምንት በጀሶ ታስሮ ነበር። አሥራ አንዱንም በቀኝ እጁ ሣለ። ጭረቱ የዞረው ለዚህ ነው። ይጻፉትና ያሳርፉኝ።

ጋዜጣውን አሁንም አነብ እንደሆነ ጠይቀዋል። አላነብም። ከዚያ ዓመት ወዲህ አንድም ቅዳሜ አላየሁትም። ጋዜጣ ለልብስ ልክ ማውጫ ጥሩ ወረቀት ነው፤ ለእሱም ቢሆን የምገዛው ሌላ ጋዜጣ ነው።

ወንድሜ እንዴት ነው? ለወግ ያህል ነው የጠየቅኩት።

ልብስ ሰፊዋ

ታኅሣሥ 10

ይድረስ ለልብስ ሰፊዋ፤

ወንድምዎ ሰላም ይላሉ። መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ምሳቸውን ይበላሉ፣ በኔ ጉልበትም ይቀልዳሉ። ካርቱኑ ለምን ባለፈው ዓመት እንደቆመ አልጻፍኩልዎትም፤ ስለዚያ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ስለ ብስክሌቱ የጻፉልኝን መዘገብኩ። ከዚያ ሰረዝኩት። አይቆጡኝ፤ ቀኝ እጁን ለምዶ የማያውቅ ግራኝ በቀኙ ሣለ ማለት እኔ በዚህ ጉልበቴ ጨፈርኩ እንደማለት ነው። እነዚያ አሥራ አንድ ሥዕሎች ግን እጅ የተንቀጠቀጠባቸው አይደሉም። እንዲያውም ልናገረውና፣ መስመራቸው ከፊተኞቹም ከኋለኞቹም የረጋ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሻምበል ቁጥር 90 ላይ አውቶቡስ ሲሳፈር በሩ ተዘጋበትና ጭራው ተቆረጠ። ቁጥር 97 ላይ ዝንብ ማባረር ቢያቅተው ዘበኛው መጥረጊያ አሰረለት፤ ያን ሳምንት የማተሚያ ቤት ሰዎች ሥራ አቁመው ሲስቁ አስታውሳለሁ። ከዚያ እስከ 212 ድረስ ውሻው ጭራ የለውም። ቁጥር 213 ላይ ግን ያ ብርጭቆ የሚጠርግ ጭራ ቦታው ተመልሶ ይወዛወዛል። ከሁለት ዓመት በላይ ጭራ አልባ ውሻ የሣለ ሰው እጁ ቢሰበር ጭራውን አይረሳም።

የራሴንም ልናዘዝ። በዚያን ጊዜ ገጹ በኔ እጅ ነው ያለፈው። ጭራውን አየሁት። «የኔ ሥራ ፊደል ነው፣ ሥዕል አራሚ የለውም» ብዬ አሳለፍኩት። አንባቢዎች እየሳቁ ሲጽፉ ደብዳቤዎቹን ጠቅልዬ ወንድምዎ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ።

ማን ሣለው?

አራሚው

ታኅሣሥ 23

ይድረስ ለአራሚው፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በጡረታ ያለ ሰው ሥራ ሲያጣ ጭራ ይቆጥራል ማለት ነው።

ከ213 እስከ 223 ያለውን ይዝለሉት። ሰው 1143 ሥዕል አይቶ አሥራ አንድ ጎደለብኝ ብሎ አይከስዎትም።

ልብስ ሰፊዋ

ጥር 30

ይድረስ ለልብስ ሰፊዋ፤

ጥር መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት ደብዳቤ ደርሶዎት እንደሆነ አላውቅም። ካልደረሰዎት ደግ፤ ከደረሰዎትና ዝም ካሉኝ ደግሞ ጥፋቱ የኔ ነው። «ተውኝ» ሲባሉ አለመተው የአራሚ በሽታ ነው።

መዝለል አልችልም። በተራ የተቆጠረ ነገር መሐሉ ሲጎድል ቀሪው ሁሉ ይዋሻል። በወንድምዎ ስም ላስገባውም አልችልም፣ እንዳልሣሉት አውቃለሁና። እርስዎ ካልነገሩኝ ያለኝ ምርጫ አንድ ነው፤ በአሥራ አንዱ ሁሉ ፊት «ሠዓሊው ያልታወቀ» ብዬ አሳትማለሁ። በተለይ ቁጥር 219 ፊት ይህን መጻፍ ይከብደኛል። ዘበኛው ጃንጥላውን ለውሻው ይዞለት እሱ ዝናብ ሲመታው፣ ውሻው ደግሞ በጭራው የዘበኛውን ጫማ ሸፍኖለት። የዓመቱ ምርጥ ተብሎ የተሸለመው እሱ ነው። እኔ ራሴ ቆርጬ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ለጥፌው ጡረታ እስክወጣ አብሮኝ ኖሯል።

በማንም ላይ ለመፍረድ አይደለም የምጠይቀው። ሥራ የሠራ ሰው ባለቤት እንዲኖረው ብዬ ነው።

አራሚው

የካቲት 18

ይድረስ ለአራሚው፤

ከዛሬ ጀምሮ አንተ እልሃለሁ። በዕድሜ እበልጥሃለሁ፣ ምስጢሬንም ልትሰማ ነው፤ እርስዎ እያሉ ምስጢር ማውራት አይመችም።

ያ «ያልታወቀ» ያልከው ቃል ሦስት ሸሚዝ አበላሸብኝ። እጅጌውን ገልብጬ ሰፋሁት። ልጄ «እማዬ ምን ሆነሻል?» ስትለኝ ስፌቱን መተርተር ጀመርኩ።

እኔ ነኝ። አሥራ አንዱንም የሣልኳቸው እኔ ነኝ።

የወንድሜ እጅ ሲሰበር የአጥንት ሐኪም ያለው ሩቅ ከተማ ስለነበር እዚያ ተኛ። አዘጋጁን አንተም ታውቀዋለህ፤ አንድ ቅዳሜ ባዶ ከሆነበት ቦታውን ለሌላ ሠዓሊ የሚሰጥ ሰው ነበር። ወንድሜ «እትዬ፣ ካንቺ በቀር ሻምበልን የሚያውቅ የለም» ብሎ ላከብኝ። በየሳምንቱ ታሪኩን ለነርስ እየነገረ ያስጽፋል፣ ፖስታ ቤት ያመጣልኛል፣ እኔ ኩሽናዬ ጠረጴዛ ላይ እሥላለሁ። ሐሙስ ሐሙስ በታሸገ ፖስታ ለጋዜጣው በረኛ ሰጥቼ እመለሳለሁ። በረኛው «ከሆስፒታል ነው?» ይለኛል፣ እኔም አዎ እለዋለሁ።

ጭራው መቆረጡን አላውቅም ነበር። ባለቤቴ የታመመበት ጊዜ ስለነበር ቅዳሜ የምገዛው መድኃኒት እንጂ ጋዜጣ አልነበረም። ለወንድሜ ደግሞ የሁለት ዓመት ነገር ነው፤ «ጭራ የለውም» ብሎ ማስጻፍ በሐሳቡም አልመጣ። ጋዜጣው እሱ የተኛበት ከተማ አይደርስም። እጄ የሚያውቀውን ሻምበል ሣለ፣ ጭራውን ሲያወዛውዝ።

ልንገርህ፣ እነዚያ አሥራ አንድ ሳምንታት ደስ ብሎኝ ነበር። ባል ታሞ ደስ አለኝ ማለት ያሳፍራል፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ወንድሜ ተመልሶ ያን አንተ የጠቀለልከውን የደብዳቤ ክምር አነበበ። ቤቴ መጣ። እንደምን ነሽ አላለኝም፣ ባለቤቴን አልጠየቀም። «ውሻዬን አበላሸሽብኝ፣ መሳቂያ አደረግሽኝ» አለኝ። ቡና ልቀዳለት ጀበናውን አንስቼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ 219 ተሸለመ። እሱ ዋንጫ ተቀበለ፣ እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ አጨበጨብኩ። በደንብ ነው ያጨበጨብኩት፣ ሰው እስኪያየኝ። ዋንጫው አላስከፋኝም ብል አንተ ትሰርዘዋለህ፤ ከፍቶኛል። የቆረጠኝ ግን ቃሉ ነው። «ውሻዬ» አለ። ሻምበል የሁለታችን ነበር።

ሆድ ይፍጀው አልኩ። ባለቤቴ ሲያርፍ ልጄ ወዳለችበት መጣሁ፣ ብዕሬን ትቼ መቀስ ያዝኩ። በዓመት አንድ ካርድ እልካለሁ፣ አንድ ካርድ ይልካል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

ይኸው አወቅህ። አሁን ግን አደራ፣ እኔ መሆኔን አትጻፍ። ባለ ዋንጫው እሱ ነው፤ በስተርጅና አደባባይ ላይ ላዋርደው አልፈልግም። ከፈለግህ «ያልታወቀ» በል፤ ቢያንስ አንተ ታውቃለህ።

ልብስ ሰፊዋ

መጋቢት 9

ይድረስ ለእትዬ፤

እትዬ ልበልዎት፤ እኔም ምስጢር አለብኝ።

ወንድምዎ ደህና ናቸው ያልኩት በግማሹ ነው። ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታቸው፤ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል። ካርቱኑ የቆመው ለዚህ ነው። ይናገራሉ፣ ግን ቃል እየመረጡ፣ እያረፉ ነው። «ለእትዬ እንዳትነግራት፤ አዝናልኝ እንድትመጣ አልፈልግም» ስላሉኝ ደበቅኩዎት። ይቅር ይበሉኝ። ይህን ስጽፍ ግን ፈቃድ ጠይቄ ነው።

ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ምድር ቤት ወርጄ ቁጥር 224ን አወጣሁ። ወንድምዎ ሲመለሱ የሣሉት የመጀመሪያው ነው። እስከ ዛሬ ለጭራው ብዬ በደንብ የማየው እርስዎ የሣሏቸውን አሥራ አንዱን ብቻ ስለነበር ከእነሱ በኋላ ያለውን ልብ አላልኩትም ነበር። 224 ላይ ሻምበል ጭራ አለው። 225ም ላይ አለው። «አበላሸሽብኝ» ያሉት ሰው ጭራውን መልሰው መቁረጥ ይችሉ ነበር፤ አውቶቡስ እንደሆነ ሞልቷል። አልቆረጡትም።

አጉሊ መነጽር አመጣሁ። ዘበኛው፣ መጋዘኑ፣ የውሻው ጀርባ ሁሉ ጭረታቸው የግራ እጅ ነው። የጭራው ጭረት ብቻ በቀኝ እጅ ጎን ያዘነብላል። እስከ 1154 አንድ በአንድ አየሁ፤ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ውሻው ያልታየባቸውን ሃያ ዘጠኙን ቀንሼ ዘጠኝ መቶ ሁለት ጭራ ቆጠርኩ። ሁሉም በእርስዎ ጎን ያዘነብላሉ። አንዱን ብቻ የሚያይ ሰው ምንም አይታየውም፤ በተራ ሲደረደሩ ነው የሚወጣው።

ባለቤታቸውን ጠየቅኩ። እንዲህ አሉኝ፦ «ሥዕሉን ከጨረሰ በኋላ ሁልጊዜ ወረቀቱን በጎኑ ያዞረውና ትንሽ ነገር ይጨምርበታል። ምን እያደረግህ ነው ስለው፣ የሰው ዕቃ ነው፣ በባለቤቱ አያያዝ ልያዘው እንጂ ይለኛል። እኔማ የሠዓሊ አመል ነው ብዬ ተውኩት።»

ከዚያ እሳቸው ዘንድ ገባሁ። «ለምን በደብዳቤ ይቅርታ አላሏቸውም?» ብዬ ደፈርኩ። «ነገርኳት እኮ» አሉኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ነገርኳት። ጭረት የማን እንደሆነ ከሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አይታ ዝም ስትለኝ፣ ገና አልወጣላትም አልኩ፤ ቀጠልኩ።» ከዚያ ዓመት ወዲህ ጋዜጣውን ከፍተውት እንደማያውቁ ነገርኳቸው። «አንዱንም?» አሉኝ። አንዱንም አልኳቸው። በደህናው እጃቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ። እኔም መጽሐፍ የምፈልግ መስዬ ዞርኩላቸው።

እሳቸው ያሉትን እንዳለ ላስተላልፍ፦ «ዋንጫው የእሷ ነው፤ ስሟን በትልቁ ጻፈው።» የዘበኛውን ሠዓሊ «ግራ እጅ» እንደምንለው እርስዎን «ቀኝ እጅ» ብለን እናስገባ ወይ? ውሳኔው የእርስዎ ነው። ከ224 አንስቶ የመረጥኳቸውን ሠላሳ ፎቶኮፒዎች ልኬያለሁ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ጠረጴዛቸው ላይ ቁጥር 1155 የሚሆን ወረቀት እንደተዘረጋ አለ። አንስተውት አያውቁም፣ ማንንም አያስነኩም። ዘበኛውና ሻምበል መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ነገር አልቋል፣ ጥላው ሳይቀር። ጭራ ብቻ የለውም፤ ወረቀቱን ሳያዞሩት ነው ሕመሙ የደረሰባቸው። ደንቤ የታተመውን ብቻ መመዝገብ ስለሆነ ከዝርዝሩ ውጭ ነው። አዲሷ አዘጋጅ ግን፣ ካለቀ አንድ ቅዳሜ ቦታ አለኝ ትላለች።

አራሚው

ሚያዝያ 4

ይድረስ ለወንድሜ ለአራሚው፤

ፎቶኮፒዎቹን ልብስ መቁረጫዬ ጠረጴዛ ላይ በተራ ደረደርኳቸው፣ አንተ እንደምትደረድር። በጣቴ ጭራውን ብቻ እየተከተልኩ ከዳር እስከ ዳር ሄድኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ መነጽሬን አወለቅኩ። አለቀስኩ፤ ይኸው በግልጽ ጻፍኩልህ። ልጄ ሰው የሞተ መስሏት ከጓዳ ሮጣ መጣች። «ኧረ ማንም አልሞተም፣ አጎትሽ ጭራ ሲሥል ነው» አልኳት።

ይህ ሞኝ ወንድሜ። ዘጠኝ መቶ ሁለት ጭራ ከሚሥል አንድ መስመር ደብዳቤ አይበቃውም ነበር? እኔም ሞኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከማኮርፍ አንድ ቅዳሜ ጋዜጣ ብገዛ አይበቃኝም ነበር? ከአንድ እናት መወለዳችን በዚህ ይታወቃል።

መታመሙን ስለደበቅከኝ ተቆጥቻለሁ። ስመጣ ፊት ለፊት ስለምቆጣህ እዚህ ወረቀት አላበላሽም።

አዎ፣ እመጣለሁ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በሚገባው አውቶቡስ ነኝ። ለእሱ ንገረው፤ ድንገት ገብቼ ላስደነግጠው አልፈልግም። አዝኜለት አይደለም የምመጣው፤ ያልጨረስኩት ሥራ አለኝ። ጠረጴዛውን አታንቀሳቅሱት። እሱን በግራ በኩል አስቀምጡት፣ በቀኝ በኩል ለኔ ወንበር ተዉልኝ። ብዕር ከያዝኩ ቆይቷል፣ እጄም መቀስ ለምዷል፤ ግን ያን ጭራ ዓይኔን ጨፍኜ እሥለዋለሁ። የቀለሙን ጠርሙስ ክዳን ብቻ አጥብቅልኝ፣ እንዳይደርቅ።

ስለ ስሙ ላልከው፣ «ቀኝ እጅ» ብለህ እንዳታስገባኝ። የማንም ቀኝ እጅ አይደለሁም። ከ213 እስከ 223 «እህቱ» በል። ዋንጫውን ለራሱ ያስቀምጠው፣ እኔ ቤት ቦታ የለም።

ዝርዝርህንም ገና አትዝጋ። ደንብህ የታተመ ብቻ ነው ካልክ ይታተም። 1155 ላይ እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ ሥዕል፣ ግራ እጅ። ጭራ፣ እህቱ። ፊደል ከሳትኩ አርመው፣ ቃሉን ግን አትንካብኝ።

ጋዜጣውን ያን ቅዳሜ ማንም እንዳይገዛልኝ። እኔ ራሴ ሄጄ እገዛዋለሁ።

እህቱ